ሄኖክን ታቅፎ አይሁድን መግፋት

ብሉይ ኪዳን የአይሁድ፣ አዲስ ኪዳን የክርስቲያን ነው የሚለው ሐሳብ በአገራችን ያለ ብዙ ተቃውሞ ይታለፋል። በሰንበት ጉባኤ ይሰበካል፤ በየአዳራሹ ይደገማል፤ በአራዳና በፒያሳ ሃይማኖት ሲነሣ በስንት ነገር የማይስማሙት ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ በዚህ አንድ ነገር ይስማማሉ። ወንጌል የመጣችው የአይሁድን ሃይማኖት ልትሽር ነው ይባላል፤ ሐዋርያትም አንዱን ሃይማኖት ትተው ወደ ሌላው የተሻገሩ፣ መጻሕፍታቸውም ከውጭ ቆመው አይሁድን የሚከሱ ተደርገው ይታሰባሉ። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ሰውን የጎዳ ስሕተት ነው። የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት በአይሁድ መካከል፣ በአብዛኛው በአይሁድ እጅ፣ የአይሁድን ተስፋና የአይሁድን ክርክር ይዘው የተጻፉ ናቸው። ይህን ለማየት ደግሞ ከኢትዮጵያዊ አንባቢ የተሻለ ቦታ ላይ የቆመ የለም፤ ዋናው ማስረጃ በግእዝ ተጽፎ በገዛ ዕቃ ቤታችን ተቀምጧልና።

አስቀድሞ ዘመኑን እንመልከት። ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ቀደምቶቹ የጳውሎስ መልእክታት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ በ50 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አካባቢ ተጽፈዋል። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የፈረሰው በ70 ነው። በእነዚህ ሃያ ዓመታት ውስጥ መሥዋዕቱ ይቀርብ ነበር፤ ሐዋርያትም በጸሎት ሰዓት ወደ ቤተ መቅደስ ይወጡ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 21 ያዕቆብ ለጳውሎስ ያመኑት አይሁድ ስንት እልፍ እንደሆኑ፣ ሁሉም ለሕጉ የሚቀኑ እንደሆኑ ሲነግረው ያሳየናል። ክርስቲያን የሚለው መጠሪያ በአዲስ ኪዳን ውስጥ የሚገኘው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ጳውሎስ በመልእክቶቹ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀመበትም። ሃይማኖት ቀየረ የሚባለው ሰው የቀየረበትን ሃይማኖት ስም አልጠራም ማለት ነው። ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያወቃቸው ቅዱሳት መጻሕፍት የተባሉትም ኦሪት፣ ነቢያትና መዝሙራት ናቸው፤ በልጅነቱ ሌላ አልነበረምና። የእኛ ሰው የምንለው ጃንደረባ እንኳ፣ የንግሥት ሕንደኬ አገር መርዌ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ብትሆንም፣ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ያነብ የነበረው ኢሳይያስን ነው። ፊልጶስም ያንን ጥቅልል አስቀምጥና ሌላ ልስጥህ አላለውም፤ ከዚያው ካገኘው ክፍል ጀምሮ አስተማረው።

በዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ብዙ ሰው ለተቃራኒው የሚጠቅሰው ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 የተጻፈው የኢየሩሳሌም ጉባኤ። ጉባኤው ግዝረትን የሻረ፣ ሕገ ኦሪትን የዘጋ ተደርጎ ይነገራል። የቀረበለት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ጥያቄው ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ሰዎች ይገረዙ ወይስ አይገረዙ የሚል ነው። ሕጉ ለሁሉም የተሻረ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ከቶ አይነሣም፤ መልሱም በአንድ ቃል ባለቀ ነበር። የተሰጠውን ፍርድ ደግሞ ልብ ብለን እንይ፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት ይራቁ ይላል። እነዚህ ትእዛዛት ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 17 እና 18 በእስራኤል መካከል ለሚኖር መጻተኛ ካስቀመጠው ሥርዓት ጋር በጣም የሚቀራረቡ ናቸው። ስለዚህ ጉባኤው አሕዛብን የተቀበለው ራሱ ኦሪት ለመጻተኛ በከፈተው በር ነው እንጂ ኦሪትን አፍርሶ አይደለም። እስከ ዛሬ በየቤታችን ደሙ ሳይፈስ የሞተ እንስሳ የማይበላው በዚሁ ሐዋርያዊ ፍርድ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ግእዙ ዕቃ ቤት እንግባ። የይሁዳ መልእክት አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት፤ በዚያች አጭር መልእክት ውስጥ ሐዋርያው ከአዳም ሰባተኛ የሆነውን የሄኖክን ትንቢት ይጠቅሳል። የተጠቀሰው ቃል በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ የለም፤ በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥም ከይሁዳ መልእክት በቀር የትም አይገኝም። በመጽሐፈ ሄኖክ ግን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ አለ። አውሮፓ ይህን መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት አጥታው ነበር። ተጓዡ ጀምስ ብሩስ የግእዝ ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ በ1773 እ.ኤ.አ. ሲመለስ፣ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉመው፣ ሊቃውንቱ የተደነቁት አገራችን ለአንድ ቀን እንኳ ያላጣችውን መጽሐፍ በማግኘታቸው ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ብዙዎች ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ክርስቲያኖች ኋላ የደረሱት፣ ኢትዮጵያውያን የጨማመሩበት ነው የሚሉ አልጠፉም። ይህ ጥርጣሬ የተመለሰው ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳር በቁምራን ዋሻዎች የአይሁድ ጥቅልሎች ሲገኙ ነው። ከመካከላቸው በአራማይክ የተጻፉ የ11 ያህል የሄኖክ ቅጂዎች ቁርጥራጭ ተለይቷል፤ የመጽሐፉ ቀደምት ክፍሎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛውና በ2ኛው መቶ ዓመት እንደተጻፉ ታወቀ። መጽሐፉ የአይሁድ ነው። ሐዋርያውም እንደ ትንቢት የጠቀሰው ከሕዝቡ መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ግን እስከ መጨረሻው ስንሄድበት አላይም። ሄኖክን በመጠበቃችን እንኮራለን፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። ሆኖም ሄኖክ የሚነግረን ትልቅ ነገር ስለ እኛ ሳይሆን ስለ ወንጌል ነው። ኢየሱስ በወንጌላት ራሱን ደጋግሞ የሰው ልጅ እያለ ይጠራል፤ በክብር ዙፋን ይቀመጣል፣ አሕዛብን ይፈርዳል። ይህ ሥዕል መነሻው የዳንኤል ምዕራፍ 7 ነው። ከዳንኤል ቀጥሎ በስፋት የሚገኘው ግን በመጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ባለው፣ ሊቃውንት የሄኖክ ምሳሌዎች በሚሉት ክፍል ነው። በዚያ የሰው ልጅ የሚባለው የተመረጠው፣ ከፍጥረት በፊት ስሙ የተጠራው፣ በዙፋን ተቀምጦ ኃያላንን የሚፈርደው ነው። ይህ ክፍል ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በቁምራን አልተገኘም፤ በዚህ ምክንያት የቁምራኑን የሄኖክ ቁርጥራጮች በ1976 ያሳተመው ተመራማሪ ሚሊክ በጣም ዘግይቶ የተጻፈ የክርስቲያን ሥራ አድርጎት ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች በዚህ አይስማሙም፤ ክፍሉን የአይሁድ ሥራ አድርገው በክርስቶስ ልደት ዙሪያ ባለው ዘመን ያስቀምጡታል። ምክንያታቸውም የሚያሳምን ነው፤ ክርስቲያን ቢጽፈው ኖሮ ስለ መስቀልና ስለ ትንሣኤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ በመጨረሻውም የሰው ልጅን ከራሱ ከሄኖክ ጋር አያይዞ አይጨርስም ነበር። እንግዲህ የወንጌል ልብ የሆነው አገላለጽ፣ በሰማይ ዙፋን የሚቀመጠው የሰው ልጅ፣ ከአይሁድ እምነት ጋር የተጣላ እንግዳ ትምህርት አልነበረም። የሚጠብቁት ነበሩ። ክርክሩ የነበረው ያ የሚጠበቀው የናዝሬቱ ኢየሱስ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ የሚደረግ ክርክር ነው።

መጽሐፈ ኩፋሌም ያንኑ ይመሰክራል። ሰንበትን መላእክት ከሰው በፊት እንዳከበሩት የሚተርከው፣ ዓመቱን በ364 ቀን የሚቆጥረው ይህ መጽሐፍ በቁምራን በዕብራይስጥ በ15 ያህል ቅጂዎች ተገኝቷል፤ ከብዙዎቹ የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት የሚበልጥ ቁጥር ነው። ሙሉው ያለው ግን አሁንም በግእዝ ነው። አይሁድ ጽፈውት፣ ክርስቲያኖች ተቀብለውት፣ ኋላ በሌላው ዓለም ሁለቱም ወገኖች ሲተዉት እዚህ የቆየ መጽሐፍ ከሁለቱ ሃይማኖቶች የየትኛው ነው ሊባል ነው? በመጀመሪያው ዘመን እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ድንበር ስላልነበረ ጥያቄው ራሱ አይቆምም። ባሕረ ሐሳቡንም እንይ። ሊቃውንቱ በየዓመቱ ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም የሚገቡበትን ቀን ለማውጣት መጀመሪያ አበቅቴና መጥቅዕን ያሰላሉ። በዓለ መጥቅዕ የመለከት መነፋት በዓል፣ የአይሁድ ዓመት መባቻ ነው። ኦቶ ኖይገባወር በ1979 ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው ይህ ስሌት በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረውን የአይሁድ ዘመን አቆጣጠር ጠብቆ ያቆየ ነው። አራዳ ጊዮርጊስም ሆነ ሌላው ደብር ሁሉ ትንሣኤን የሚያከብርበት ዕለት ከአይሁድ ፋሲካ ተነሥቶ የሚወጣ ነው፤ ያን ቁጥር ካወጣን ገበታው ይፈርሳል።

ተቃውሞው መጀመሪያ የሚመጣው ከወንጌላት ነው። ማቴዎስ ሕዝቡ ደሙን በራሱና በልጆቹ ላይ እንደተቀበለ ይጽፋል፤ ዮሐንስም አይሁድ እያለ እንደ ባዕድ ሕዝብ ይከሳቸዋል፤ ታዲያ ይህ ከውስጥ የሚወጣ ድምፅ ነው ወይ ይባላል። አዎ፣ ከውስጥ ነው። ኢሳይያስ የኢየሩሳሌምን አለቆች የሰዶም ገዦች ብሎ ሲጠራ፣ ኤርምያስ በቤተ መቅደሱ ደጅ ቆሞ ቤቱ እንደሚፈርስ ሲናገር፣ ማንም ከእስራኤል ውጭ ናቸው አላላቸውም። የቁምራን ሰዎች በቤተ መቅደሱ ላይ የነበረውን ሊቀ ካህናት ክፉው ካህን ይሉት ነበር፤ ወንጌል ከተናገረችው ያነሰ አልተናገሩም። በቤተሰብ ውስጥ የሚነገር ኃይለኛ ቃል ነው። መድኃኒት ከአይሁድ እንደሆነ የሚናገረው ቃል የተጻፈውም በዚያው በዮሐንስ ወንጌል፣ በምዕራፍ 4፣ በኢየሱስ አንደበት ነው። ዮሐንስ በሚጻፍበት ጊዜ በምኩራብና በአማኞቹ መካከል መቆራረጥ መጀመሩን አልክድም፤ የወንጌሉም ቃል የዚያን ቁስል ምልክት ይዟል። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ ለወንድም የተነገረ ተግሣጽ ቤተሰቡን በማያውቅ ሰው አፍ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። ጥፋቱ የተጀመረው ቃሉ ሲጻፍ ሳይሆን ከአይሁድ ያልሆኑ ሰዎች አንሥተው በአይሁድ ሁሉ ላይ ሲወረውሩት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከጳውሎስና ከዕብራውያን መልእክት የሚነሣው ነው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ብትገረዙ ክርስቶስ ምንም አይጠቅማችሁም ብሎ ይጽፋል፤ የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ፊተኛውን ኪዳን ያረጀ ይለዋል። ለገላትያ የተጻፈው ለማን እንደሆነ ሲታይ ግን መልሱ ይገኛል፤ ተደራሲዎቹ ለመገረዝ ያሰቡ አሕዛብ ናቸው። ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 11 ያመኑትን አሕዛብ በወይራው ሥር ላይ የተጣበቀ የበረሓ ቅርንጫፍ ያደርጋቸዋል፤ ሥሩ እነርሱን ይሸከማል እንጂ እነርሱ ሥሩን እንደማይሸከሙ ያስጠነቅቃቸዋል። እግዚአብሔር ሕዝቡን ጥሎአልን ብሎ ጠይቆም በፍጹም አልጣለም ይላል። የዕብራውያን መልእክትን በተመለከተ ጸሐፊው ያረጀውን ከአዲሱ የሚለየው ኤርምያስ ምዕራፍ 31ን በረጅሙ ጠቅሶ ነው። በኤርምያስ ቃል እግዚአብሔር አዲሱን ኪዳን የሚገባው ለማን ነው? ለእስራኤል ቤትና ለይሁዳ ቤት ነው። አዲስ ኪዳን የምንለው ስም ራሱ የአንድ ዕብራዊ ነቢይ ተስፋ ነው፤ የደማስቆ መጽሐፍ የሚባለው ጽሑፍ እንደሚያሳየው የቁምራን ወገኖችም ወደ አዲስ ኪዳን የገባን ነን ይሉ ነበር። ይህን ሥር ቆርጦ ቅርንጫፉን ብቻ ለማስቀረት የሞከረ ሰው በታሪክ ታይቷል። የሲኖፔው ማርቅዮን ብሉይ ኪዳንን በሙሉ ጥሎ፣ ከወንጌላት ሉቃስን ብቻ ቆራርጦ፣ የጳውሎስን ዐሥር መልእክታት ይዞ የአይሁድ አምላክ ሌላ፣ የክርስቶስ አባት ሌላ ነው አለ። በ144 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የሮም ቤተ ክርስቲያን ለየችው። ዛሬ ብሉይ ለአይሁድ፣ ሐዲስ ለእኛ የሚለው ሰው ማርቅዮንን ባያውቀውም የሚራመደው በእርሱ መንገድ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከአገር ውስጥ የሚመጣ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እኛ ኦሪቱን የተቀበልነው በቀዳማዊ ምኒልክ፣ በታቦተ ጽዮን ነው፤ ስለዚህ ታቦቱም ግዝረቱም የቀዳሚት ሰንበቱም ከወንጌል በፊት የነበረ የራሳችን ርስት ነው፤ ከአይሁድ ጋር ምንም አያገናኘንም ይባላል። ክብረ ነገሥት አሁን ባለው መልኩ የተጻፈው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ታሪኩም የእስራኤል ክብር ከእነርሱ ተወስዶ ለእኛ ተሰጠ ይላል። በእምነትነቱ አልነካውም። ሰንበትን እንዴት እንዳገኘነው ግን የራሳችን ታሪክ ሌላ ነገር ያሳያል። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች በ14ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ሲሰደዱና ከቤተ ክርስቲያን ሲገለሉ የጠቀሱት የሐዋርያትን ሲኖዶስና መጻሕፍትን ነው። በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ሲያስወስንም ክርክሩ በክርስቲያን ሊቃውንት መካከል፣ በክርስቲያን መጻሕፍት ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ለኢየሱሳውያን የጻፈው የእምነት መግለጫ ደግሞ ግዝረቱን የአገር ልማድ ነው ብሎ ያስረዳል። ክርስትናችን ኦሪትን የሚመስለው የተቀበላቸው መጻሕፍት ራሳቸው ኦሪትን ስለተሞሉ ነው፤ ወንጌልን ያለ አድልዎ እስከ ዳር ያነበበ ሕዝብ እንዲህ መምሰሉ አይገርምም። ኦሪቱን የደም ርስት ስናደርገው ግን በወንጌል ውስጥ ያለውን አይሁድነት ከፊታችን እንሰውራለን፤ ከዚያም ያለ ኀፍረት አይሁድን እንጠላለን።

ጥላቻውም በወረቀት ላይ አልቀረም። ሰንበትን ያስከበረው ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ በዘመኑ አይሁድ የሚለውን ቃል ስሕተት አለባቸው በተባሉ ክርስቲያኖች ላይ ጭምር የሚወርድ ስድብ አድርጎታል፤ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስም ከዚህ አላመለጡም። ከእርሱ በፊት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይወርስም፣ ፈላሲ (ስደተኛ) ይሁን ብሎ እንዳወጀ በትውፊት ይነገራል። ቤተ እስራኤል በሰሜንና በጎንደር ለዘመናት መሬት አጥተው በአንጥረኛነትና በሸክላ ሥራ ኖረዋል፤ ቡዳ ተብለው ተፈርተዋል፤ ጌታን የሰቀሉ እየተባለም ተወርፈዋል። እነዚህ ሰዎች የሚያነቡት ኦሪት ግን ክርስቲያኑ የሚያነበው ያው ግእዝ ኦሪት ነው፤ ከግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም የተመለሰው፣ አንዱ ትርጉም። ዕብራይስጡን ያወቁት ከአውሮፓ የአይሁድ ሊቃውንቱ ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867፣ ከዚያም ፋይትሎቪች በ1904 እ.ኤ.አ. ከመጡ በኋላ ነው። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ሸሌመይ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የቤተ እስራኤል ሥርዓተ ጸሎት ከክርስቲያን ገዳማት ሥርዓት ጋር በጥልቅ የተሳሰረ መሆኑን አሳይታለች። በእጃቸው ካለው መጽሐፍ፣ ከዜማቸው፣ ከገዳማቸው አንጻር ከማንም ይልቅ ለእኛ የቀረቡ ወንድሞች ነበሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ 14,000 ያህል ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከእነርሱ ጋር ስለ መሲሑ ልንነጋገርበት የምንችለው የጋራ መጽሐፍም አብሮ ሄደ። ከየመኗ ኤደን ወደ አራዳ የመጡት የአይሁድ ነጋዴዎች ትዝታም ቤኒን ሰፈር በሚለው ስም ብቻ ቀርቷል፤ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈርም በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ሰዉ ሲበተን ያ የተደባለቀ የአራዳ ኑሮ ይበልጥ እየራቀ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰባኪው የሚናገረው ክብደት አለው።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ የክርስቶስን ልዩነት ማሳነስ ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ የዛሬውን የእስራኤልን መንግሥት ፖለቲካ ለመደገፍ የተጠነሰሰ ነገር ይለዋል። ሁለቱም አይደለም። የአንድ መንግሥት ሥራ በራሱ ሚዛን ይመዘን፤ የማርቆስና የይሁዳ መጻሕፍት የማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጋር አይያያዝም። ኢየሱስ መሲሕ ነው የሚለው ቃልም ትርጉም የሚኖረው መሲሕን የሚጠብቅ ሕዝብ ስላለ ነው፤ ያን ተስፋ ከወሰድንበት ምስጢረ ሥጋዌ ራሱ መሠረት ያጣል። በመጻሕፍት ቤት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት ተብሎ ጉባኤው መለየቱ ለትምህርት ሥርዓት እንጂ መጻሕፍቱን ለመለየት አይደለም፤ ሐዲሱን የሚያስተምር መምህር ሁሉ በየገጹ ወደ ብሉይ ይመለሳል። ይህ ልማድ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ወደ ዐውደ ምሕረት መድረስ አለበት። በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት ሲነበብ ሰባኪው የከሰሱት አይሁድ እንደነበሩ ከተናገረ፣ ደረት እየመቱ ያለቀሱት ሴቶችም፣ የካደውና የተጸጸተው ጴጥሮስም፣ ከመስቀሉ ሥር የቆመችው እመቤታችንም አይሁድ እንደነበሩ አብሮ መናገር ግዴታው ነው። ሥጋውን ከመስቀል አውርደው የገነዙት የአርማትያሱ ዮሴፍና ኒቆዲሞስም የአይሁድ ሸንጎ አባላት ነበሩ፤ በየዕለቱ በኪዳን የምናደርሰውን፣ ሦስት ጊዜ ቅዱስ የሚለውን ምስጋና ቤተ ክርስቲያናችን በትውፊቷ የምታያይዘው ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ነው።